«ስመለስ» ያልኳት ቱቦ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንዲት የጎማ ቀለበት ነው። «የጎማ ቀለበት ደግሞ ምን ያስወራል?» እንዳትሉኝ። ውፍረቷ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ናት፤ እኔን፣ እጮኛዬንና ታላቅ ወንድሟን ግን ሐረና ጫካ ገደል ውስጥ ልታስቀረን ነበር።

ነገሩ የሆነው በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። ያኔ ከአጎቴ የወረስኳት 80 ሞዴል ላንድክሩዘር ነበረችኝ። አራቱም ጎማዋ ላይ ያለው ሞላ ነው፤ ባሌስትራ የላትም። ረዥም ሞላና ረዥም ሾክ አብዞርበር አስገጥሜ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጌያታለሁ። ትልልቅ ጎማም አጥልቄላታለሁ። ቦሌ መንገድ ላይ ሳልፍ ሰው ዞር እያለ ያያታል። እውነቱን ልናገር? የሚያየው እኔን ይመስለኝ ነበር።

ለባሌ ጉዞ ስንጭናት ግን ጉድ ፈላ። ድንኳን፣ ሁለት ጀሪካን ናፍጣ፣ ውሃ፣ ምግብ፣ ፖርቶመጋላው ላይ ትርፍ ጎማ… ኋላዋ ቁጭ፣ አፍንጫዋ ወደ ሰማይ! የእጮኛዬ ወንድም አየት አደረጋትና «መኪናህ አርግዛለች እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

ያቺ ሳቅ አንጀቴን በላችው። በማግስቱ ሶማሌ ተራ ወርጄ ጥንድ ስፔሰር ገዛሁ። ስፔሰር ማለት ከሞላው አናት ላይ፣ በሞላውና በሻንሲው መካከል የምትገባ ወፍራም ቀለበት ናት። አንድ የሰፈር ጋራዥ በሁለት ሰዓት ገጠመልኝ፤ ኋላዋ ቀጥ አለ። ልጁ ግን ከሥሯ ሲወጣ «የኋላው የፍሬን ቱቦ አጥሯል፣ በረዥም ይቀየር?» ሲል ጠየቀኝ። እጮኛዬ አጠገቤ ቆማለች። እኔ ቸኩያለሁ። «ስመለስ» አልኩት።

በሞጆ፣ በሻሸመኔ፣ በዶዶላ አድርገን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘን ጎባ አደርን። ሲነጋ ወደ ሰነቲ ወጣን።

ሰነቲን ላላየ ሰው እንዴት ይነገረዋል? ከባህር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ላይ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ቱሉ ዲምቱ ደግሞ ከዚያም በላይ 4,377 ሜትር ላይ ቆሞ ቁልቁል ያያችኋል። ጅብራው እንደ ዘበኛ ብቻ ብቻውን ተገትሯል። ቀይ ቀበሮው ፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ አድፍጦ መኪናም ቢመጣ ግድ የለውም። ብሔራዊ ፓርኩ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ስሰማ ያቺ ቀበሮ ናት ትዝ ያለችኝ። ከዚያ ሜዳው ድንገት ያልቅና መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ወደ ሐረና ይወርዳል። ብርዱ ይቀራል፤ ጉም ይቀበላችኋል፤ ሽበት ያወጡ የሚመስሉ ዛፎች ይከቧችኋል።

እዚያ አፋፍ ላይ ነው አራድነቴ የመጣብኝ። «ቆይ አንድ ፎቶ!» ብዬ መኪናዋን በቦዩ ላይ አጋደምኳት። የኋላ ግራ ጎማዋ አየር ላይ ተንጠለጠለ። ከሥር «ቷ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። «ጠጠር ነው» ብዬ ነዳሁ።

ሦስተኛው ጠመዝማዛ ላይ ፍሬን ስረግጥ ፔዳሉ ሰመጠ። ልቤም አብሮት ሰመጠ። ደግነቱ የፊትና የኋላ ፍሬን መስመሩ የተለያየ ነው፤ የፊቱ መጨረሻ ላይ ትንሽ ያዘልኝ። በከባድ ማርሽ እየታገልኩ ከገደሉ ሸሽቼ ተራራውን አስደገፍኳት። ወርደን ስናይ ቱቦው ተበጥሶ ዘይቱ ዲፈረንሻሉ ላይ ይንጠባጠባል። እጮኛዬ ጎንበስ ብላ አየችና ቀስ ብላ «ስመለስ ያልካት ይቺን ነው?» አለችኝ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

መኪናዋን ድንጋይ አስደግፈን በእግራችን ሪራ መንደር ገባን። የማያውቁን ሰዎች ወተትና የጫካ ማር አቀረቡልን። ሌሊቱን ጅብ ሲጮህ እጮኛዬ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ወደ ጎባ ለሚያልፍ የአይሱዙ ሾፌር መልእክት ሰጥተን ነበርና በማግስቱ አንድ አዛውንት መካኒክ ረዥም ቱቦ ይዘው ከተፍ አሉ።

ከሥሯ ገብተው አይተው ሲወጡ «ልጄ፣ ሞላው ረዥም፣ ሾኩ ረዥም፣ ላዩ ላይ ስፔሰር። አጭር የቀረው ቱቦው ብቻ ነው። ታዲያ ማን ይበጠስ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ጭነት እንድትችል ብዬ ነው።»

«ስፔሰር ጉልበት አይሰጥም፤ ቁመት ነው የሚሰጥ። በጭነት አራት ጣት የምትሰምጥ መኪና፣ በስፔሰርም አራት ጣት ትሰምጣለች። ከላይ ትጀምራለች እንጂ! ጉልበት የፈለገ ሞላውን በጠንካራ ይቀይራል፤ ወይም ጭነት ይቀንሳል።»

ለጥ ያለ ቦታ ላይ አቆሟትና እያሳዩኝ ከመጀመሪያው ሠሩት። ሻንሲውን በመደገፊያ አስቀመጡ፣ ዲፈረንሻሉን በክሪክ ያዙ። የሾኩን የታች ብሎን ፈትተው፣ አክሱን ቀስ እያሉ ሲያወርዱ ሞላው ላላ፤ አወጡት። ለካ የግራው ሞላ ጫፍ በቦታው አልተቀመጠም ነበር! ቀለበቷን ከላይ አስገብተው፣ ጫፉን አዙረው ቦታው ላይ አሳረፉት። ብሎኖቹን ጨርሰው ያጠበቁት መኪናዋ በጎማዋ ከቆመች በኋላ ነው። ከኋላ ጭነት እየለካ ፍሬን የሚያመጣጥን ዕቃ እንዳለም ያወቅሁት ያን ቀን ነው። መኪናዋ ከፍ ስትል ባዶ ናት ብሎ ይታለልና የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል፤ እሱንም አስተካከሉት። ረዥሙ ቱቦ ከገባ በኋላ አየር ሲያስወጡ ፔዳሉን የረገጠችው እጮኛዬ ናት። «ርገጪ! ያዢ!» ሲሏት ከሁለት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ከፖርቶመጋላው ላይ ጀሪካኖቹንና ትርፍ ጎማውን አውርደን ውስጥ አስገባን። ከፍ ያለች መኪና አናቷ ሲከብድ ጠመዝማዛ ላይ ለመገልበጥ ሰበብ አታጣምና።

እናንተ መኪናችሁን ከፍ ለማድረግ የምታስቡ፣ ምክሬ አጭር ነው። ከፍ ስታደርጓት አብሮ የሚወጠረው ምንድን ነው ብላችሁ ጠይቁ። አንዱ ጎማ ተንጠልጥሎ ሳለ ቱቦው መላላቱን በዓይናችሁ እዩ። የጋራዡ ልጅ ሲጠይቃችሁ ደግሞ «ስመለስ» አትበሉ፤ መመለሱን ማን አወቀው? ወደ ባሌ ስትነሱም አስቀድማችሁ የመንገዱን ሰላም አጠያይቁ።

እጮኛዬ ዛሬ ባለቤቴ ናት። ጋራዥ ስሄድ ግን አብራኝ ትሄዳለች፤ ሠራተኛው ሲጠይቅ የምትመልሰውም እሷ ናት።