የጠገራ ብር የትውልድ ስፍራ

ጠገራ ብር በእጁ የገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በንስሩ በኩል የተጻፈውን 1780 የሚለውን ቁጥር ያነብና፥ ገንዘቡ ከዚያ ዘመን ጀምሮ ሲዞር የኖረ ነው ብሎ ይደነቃል። ቁጥሩ ግን የሚነግረን ንግሥት ማርያ ቴሬዛ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የሞቱበትን ዓመት ብቻ ነው። ከእርሳቸው ሞት በኋላ የታተመው ብር ሁሉ ይህንኑ ዓመት እንደ ያዘ ኖሯል።

ዓመቱ ካልመሰከረ ፊደሉ ይመስክር እንል ይሆናል። ከንግሥቲቱ ምስል በታች በላቲን ፊደል ኤስ እና ኤፍ ተቀርጸዋል፤ እነዚህም ሾብልና ፋቢ የተባሉት የጉንዝቡርግ ማተሚያ ቤት ሹማምንት የስማቸው መነሻዎች ናቸው። ጉንዝቡርግ ዛሬ በጀርመን አገር ያለች ከተማ ስትሆን በዚያን ጊዜ የኦስትሪያ ግዛት ነበረች። ማተሚያ ቤቷ ከተዘጋች በኋላም ቪየና፥ ሚላኖና ቬኔዚያ የሁለቱን ሹማምንት ፊደል ሳይለውጡ ማተማቸውን ቀጠሉ። እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝና የደብዳቤን መነሻ የማውቀው በማኅተሙ ነው፤ በተዘጋ መሥሪያ ቤት ማኅተም የሚወጣ ደብዳቤ ቢያጋጥመኝ ለአለቃዬ ሳላመለክት አላድርም ነበር።

ለዚህ ነገር ምክንያቱ የቀይ ባሕር ወዲህና ወዲያ ነጋዴ ጥንቃቄ ነው። የአገራችን ነጋዴ ብሩን ከመቀበሉ በፊት በንግሥቲቱ ራስና ትከሻ ላይ ያሉትን ሉሎች ይመለከት ነበር፤ አንድ ነገር የጐደለ ወይም የተፋቀ ከመሰለው አይቀበልም። ስለዚህ ፊደል መለወጥ ገበያን ማጣት ነበር። የምኒልክ ብር ግን እንዲህ አያስቸግርም፤ በ1887 ዓ.ም. በታተመው ላይ ኤ የምትል ትንሽ የላቲን ፊደል ስላለች፥ ምልክቷን የሚያውቅ ሰው በፓሪስ መታተሙን ወዲያው ይናገራል።

ነገሩ እጅግ የሚከብደው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1935 ወዲህ ነው። የፋሺስት ኢጣልያ መንግሥት አገራችንን ለመውረር ሲሰናዳ የማተሚያውን ቅርጽ ከቪየና ተቀብሎ በሮማ ያትም ጀመር። በ1936 ሎንዶን አተመች፤ ፓሪስና ብሩክሴልም አልቀሩም፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ቦምቤይ ተጨመረች። በየብሩ ላይ ያው መልክ፥ ያው ዓመት፥ ያው ሁለት ፊደል አለ። ሚዛንም አይረዳም፤ ሁሉም ከሃያ ስምንት ግራም ጥቂት የሚያልፍ፥ ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነውና፤ ሚዛን የሚያጋልጠው ሐሰተኛውን ብቻ ነው። የሚቀረው አጉሊ መነጽርና ትዕግሥት ነው። የትከሻው ጌጥ ሉሎች ስንትና እንዴት እንደ ተደረደሩ፥ የንስሩ የጅራት ላባዎች እንዴት እንደ ተዘረጉ፥ ከፊደላቱ አጠገብ ነጥብ መኖር አለመኖሩን፥ ከዓመቱ ቀጥሎ ያለችው አግዳሚ መስቀል ምን እንደምትመስል መርምሮ ማመሳከር ያስፈልጋል። የሚያሳዝነው ግን፥ ብዙ እጅ የዳሰሰው ብር ቀድሞ የሚያጣው ያንኑ የትከሻ ጌጥ መሆኑ ነው።

ይህን ሁሉ እንዳጠና ያደረገኝ የአያቴ ቅርስ ነው። አያቴ ቅቤ እየሸጡ ያጠራቀሟቸውን ሰባት ጠገራ ብሮች ትተውልናል። እኅቴ በመጪው ጥር ስለምትዳር፥ አክስቴ ብሮቹ በአንጥረኛ ቀልጠው ድሪ እንዲሠራላት ቈርጠዋል። ከመቅለጣቸው በፊት ልመርምራቸው ብዬ ብለምን፥ «ልጄ፥ ብር ያው ብር ነው፤ እሳት ከገባ በኋላ አባቱን ማን ይጠይቀዋል?» አሉኝ። ነገሩን ባስረዳቸው ጊዜ ግን ፊታቸው ተለወጠ፤ «እንግዲያ ከሮማ የመጣ ቢገኝበትስ፥ በልጅቱ አንገት ላይ ሊንጠለጠል ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። የአክስቴ አጎት በማይጨው ቀርተዋልና። እኔ በበኩሌ፥ ቢገኝም ከወንድሞቹ መለየት የለበትም ባይ ነኝ። አያቴ ያን ብር ያገኙት ቅቤያቸውን ሸጠው እንጂ ለጠላት አድረው አይደለም፤ ብሩን ያተመው ማንም ይሁን ማን፥ ወዛቸውን ከፍለውበታል። አክስቴ ግን እስካሁን አልተስማሙም።

ቢሆንም አንጥረኛውን እስከ ኅዳር መጨረሻ አዘግይተውልኛል። የሦስቱን ብሮች ሉልና ላባ ቈጥሬ ሥዕላቸውን በደብተር አስፍሬአለሁ። የአራተኛው የትከሻ ጌጥ ፈጽሞ ስለ ተላጠ፥ ነገሩ በንስሩ ጅራት ብቻ ይፈረዳል።