የማዞሪያው መብራቶች

ወደ አንድ መሥሪያ ቤት በቴሌፎን የሚደውል ሰው ከወዲያ ማዶ የሚደረገውን ሊያይ አይችልም። «ይጠብቁ» ይባላል፤ ይጠብቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ማዞሪያው ላይ በተቀመጠው ሠራተኛ ዓይንና ጣት የሚፈጸም ነው። እኛ በጠቅላላ አገልግሎት ክፍል በጸሐፊነት ስንሠራ ጠረጴዛችን ከማዞሪያው ክፍል በአንድ ግድግዳ ብቻ የተለየ ቢሆንም፤ ይህን ነገር ልብ ብለን ያየነው በገዛ እጃችን ካበላሸነው በኋላ ነው።

በማዞሪያው ላይ ያሉት ወይዘሮ ጡረታ ለመውጣት አንድ ዓመት ቀርቷቸው ነበር። በቀድሞው ማዞሪያ ለያንዳንዱ መስመር አንዲት ትንሽ መብራት በፊታቸው ነበረች፤ እርስዋም በመዳብ ሽቦ የተያያዘች ስለሆነች ሰውየው ሲነጋገር ትበራለች፤ ሲዘጋ ትጠፋለች። ከዚያ በፊት በነበረው ዘመን ደግሞ አዟሪዋ የመሰኪያውን ጫፍ በቀዳዳው ከንፈር ነካ ታደርግና ቅጭ የሚል ድምፅ ከሰማች መስመሩ መያዙን ታውቅ ነበር። በአገራችን ከሐረር ወደ አዲስ አበባ የቴሌፎን መስመር መዘርጋት የተጀመረው በ1894 እ.ኤ.አ. ነውና፤ ሰውን ፊቱን ሳያዩ ከሰው ጋራ የማገናኘት ሥራ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ሲሠራ ኖሯል።

በኢንተርኔት ፕሮቶኮል የሚሠራው አዲሱ ቴሌፎን በገባ ጊዜ ግን በመብራቱና በመስመሩ መካከል የነበረው ሽቦ ቀረ። በምትኩ የተተካው ደብዳቤ ነው፤ ይህንም ለመሥሪያ ቤት ሰው ማስረዳት አያስቸግርም። የወይዘሮዋ ቴሌፎን ለሰርቨሩ «ቁጥር 214 ሲጠራ፤ ሲነሣና ሲዘጋ ይገለጽልኝ» ብሎ ያመለክታል። ሰርቨሩ ማመልከቻውን ተቀብሎ መዝገብ ይከፍታል፤ ለውጥ በሆነ ቁጥርም ማስታወቂያ ይልካል፤ ተቀባዩም «ደርሶኛል» ብሎ ይመልሳል። ማመልከቻው የጊዜ ገደብ አለው፤ በኛ ዘንድ አንድ ሰዓት ነበር፤ ሳይታደስ ካለፈ መዝገቡ ይዘጋል። የዚህ መጻጻፍ ደንብ በ2002 እ.ኤ.አ. ታትሞ ወጥቷል፤ የንግግሩን ሁኔታ የሚመለከተው ክፍል በ2005፤ ብዙ መስመሮችን በአንድ ማመልከቻ ለመከታተል የሚያስችለው ደግሞ በ2006 ተጨምሯል። የኛ ቴሌፎኖች ይህን የመጨረሻውን አያውቁም ነበርና ለያንዳንዱ ቁልፍ ለየብቻ ያመለክቱ ነበር።

በውል ወረቀቱ ላይ ሰርቨሩ ከ300 በላይ ክትትል እንደማይቀበል ተጽፎ ነበር። እኛ ይህን አንብበናል። ነገር ግን 300 ቴሌፎን ማለት መስሎን፤ መሥሪያ ቤቱ ያሉት ቴሌፎኖች 120 ስለሆኑ፤ ገና ብዙ ቦታ አለ ብለን ዐረፍን። ለወይዘሮዋ 40 ቁልፍ ያለው ሰሌዳ ከቴሌፎናቸው ጎን ተሰካላቸው። ይህን ያዩ አለቆች ለየጸሐፊዎቻቸው እንዲሁ ይሁንልን አሉ። አንደኛው እንዲያውም «ሠራተኞቼ በስልክ ምን ያህል እንደሚቆዩ ልወቅ» ብለው በግልጽ ተናገሩ። እኛም እምቢ ማለት ስላልደፈርን ለ12 ጸሐፊዎች 40፣ 40 ቁልፍ ሰጠን። ከወይዘሮዋ ጋራ ሲደመር 520 ክትትል መሆኑ ነው። በ13 ሰዎች የሚታይ አንድ መስመር ተጠርቶ፤ ተነሥቶ፤ ቢዘጋ 39 ማስታወቂያ ይጻፋል፤ 39 ደረሰኝ ይመለሳል። ገደቡ ለዚህ የተበጀ ነው፤ ለክፋት አይደለም።

ከመጠን ያለፉት ቁልፎች ሥራ እንዳልጀመሩ ማንም አላስተዋለም፤ አብዛኞቹ ለጌጥ የተሰኩ ናቸውና። ወይዘሮዋ ቀድመው ስለተመዘገቡ ችግሩ አልደረሰባቸውም ነበር። ነገር ግን አንድ ሰኞ ኤሌክትሪክ ጠፍቶ ሲመለስ ሁሉም ቴሌፎኖች ባንድ ጊዜ ለማመልከት ተሻሙ። የወይዘሮዋ ቴሌፎን የጥሪውን ሥራ ሁሉ የተሸከመ በመሆኑ ከሁሉ ዘግይቶ ተነሣና ከሰልፉ መጨረሻ ቆመ፤ መዝገቡም ሞልቶ ጠበቀው። ክፋቱ፤ ያ ቴሌፎን መልስ ያላገኘበትን ቁልፍ እንደ ማጥፋት አረንጓዴ ያደርገዋል። አረንጓዴ ማለት ደግሞ «ሰውየው አልተያዘም» ማለት ነው።

ከደብረ ማርቆስ የሚደውሉ አንዲት ሴት የሟች ባላቸውን የጡረታ ጉዳይ ይጠይቁ ነበር። አራት ጊዜ ወደ ጡረታ ክፍል ተላለፉ፤ አራት ጊዜም መስመሩ ተይዞ ጥሪያቸው ተቋረጠ። አቤቱታቸው ለበላይ ደረሰና ለወይዘሮዋ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ታዘዘ። ረቂቁ ወደኛ ጠረጴዛ መጣ። ከዚያ ሳምንት በፊት «እትዬ፤ ምናልባት ዓይንዎን ቢታዩ» ያልናቸው እኛ ነን። እርሳቸውም ታይተው በገዛ ገንዘባቸው አዲስ መነጽር ገዝተዋል።

«ልጄ፤ በመነጽሩም አረንጓዴ ነው» አሉን።

ያን ጊዜ ከራሳችን ቴሌፎን ወደ ጡረታ ክፍል ደወልን፤ እንዲያነሡና እንዳይዘጉት ለመናቸው፤ እጀታውን ጠረጴዛ ላይ አጋድመን ወደ ማዞሪያው ክፍል ሄድን። መብራቱ አረንጓዴ ነበር። የሰርቨሩን መዝገብ ስንከፍት ያው አንድ የእምቢታ መልስ ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። የውል ወረቀቱን እንደገና አነበብነው።

ለሠራተኛ አስተዳደር የምንጽፈው ማስታወሻ ከባድ ነበር። በመጀመሪያው ረቂቅ «ስሕተት ተፈጽሟል» ብለን ጻፍን። ይህ የመሥሪያ ቤት አማርኛ ባለቤት የሌለው ግሥ ስላለው ለብዙ ሰው መሸሸጊያ ሆኗል። አንድ ሌሊት ካሳደርነው በኋላ ቀድደን «ስሕተቱን የፈጸምነው እኛ ነን» ብለን ጻፍን። የወይዘሮዋ ማስጠንቀቂያ ተሰረዘ፤ ለኛ የቃል ተግሣጽ ተሰጠን። የመነጽሩን ዋጋ እንክፈል ብንላቸው «ጋዜጣ አነብበታለሁ» ብለው አልተቀበሉም።

ከዚያ መቀነስ ሆነ። ለጸሐፊዎቹ 10፣ 10 ቁልፍ ብቻ ተተወላቸው፤ ሠራተኞቻቸውን ለመቁጠር የፈለጉት አለቃ ተቈጡ፤ ውሉን አሳየናቸው፤ ዝም አሉ። ለማዞሪያው ሁለተኛ ሰሌዳ ጨምረን 80 አደረግነው፤ በጠቅላላው 200 ሆነ። የማን መስመር ይታይ የሚለውን እኛ በማዕርግ ቅደም ተከተል ጽፈን ነበር። ወይዘሮዋ ወረቀቱን ገልብጠው በጀርባው ራሳቸው ጻፉ፤ ጡረታ ክፍል፤ መዝገብ ቤት፤ ሂሳብ ክፍል፤ ክሊኒክ፤ የበር ጥበቃ። የዋናውን ኃላፊ መስመር አልጻፉም። ምነው ብንል «እርሳቸው ሁልጊዜ እንደተያዙ ናቸው፤ መብራት ምን ያደርግላቸዋል» አሉ።

በማግሥቱ ከደብረ ማርቆስ ተደወለ። የጡረታ ክፍል መብራት ቀይ ነበር። ወይዘሮዋ «እመቤቴ፤ አሁን እየተነጋገሩ ናቸው፤ አልዘጋብዎትም፤ ይጠብቁኝ» አሉና መነጽራቸውን አስተካክለው መብራቱን ይጠብቁ ጀመር።