ከቆመ ዛፍ ሥር

ነፍሱ የዛለችበት ሰው ወደ ዱር፣ ወደ ተራራ ወይም ወደ ውኃ ዳር ሲሄድ በመጀመሪያ የሚሻው ዕረፍትን ነው፤ ዕረፍትንም አያጣም። አባቶቻችን መነኮሳትና ባሕታውያን ግን ከሰው ተለይተው ወደ ዱር የወጡት ለማረፍ ብቻ አልነበረም፤ ፍጥረት ፈጣሪው በሰጠው ሕግ ጸንቶ እንዴት እንደሚኖር አይተው፣ እነርሱም ሕሊናቸውን በዚያ ሕግ ገርተው፣ ለድካማቸው ብርታትን ለማግኘት ነበር እንጂ። እኔም ዛሬ ላወሳው የወደድሁት ከብዙ ዓመታት ወዲህ በልቤ ሲመላለስ የኖረውን፣ በሰሜን ኢትዮጵያ በየቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ የቆመው ደን የሚሰጠውን ትምህርት ነው።

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በወረታ በኩል ወደ ደብረ ታቦር የተጓዘ ሰው፣ በተለይ በበጋው ወራት፣ ግራና ቀኙን ሲመለከት የሚያየው ዓይኑ እስከሚደርስበት ድረስ የታረሰና የተጋጠ ምድር ነው፤ በዚያ ምድር መካከል ግን አልፎ አልፎ፣ በኮረብታ ራስ ላይ ወይም በሜዳ፣ ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ክበብ ቆሞ ይታያል፤ ከክበቡም መካከል የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ብቅ ይላል። ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው፣ ጥቁር እንጨቱ፣ ዋንዛውና ብሳናው በአንድ ዐጸድ ተሰብስበው፣ ወፉ በላያቸው ሠፍሮ፣ ንቡ ከአበባቸው ቀስሞ፣ ዙሪያው ሁሉ በተመነጠረበት ዘመን እነርሱ የተረፉት፣ ታቦቱን የከበበውን ዛፍ መቍረጥ እንደ ድፍረት ስለሚቈጠር፣ ካህናቱም ደኑን የቤተ መቅደሱ ልብስ አድርገው ስለሚያዩት ነው።

ስለዚህ ደን ብዙ ከደከሙት ሊቃውንት አንዱ፣ «እመጓ» በተባለው መጽሐፋቸው ብዙ አንባቢ የሚያውቃቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ናቸው። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን መርምረው 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቍጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል፤ ይህ ብቻውን የሚያስደንቅ ነው። እኔን ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የነካኝ፣ ከደኑ ወለል አፈር ተነሥቶ በውስጡ ምን ዘር እንዳለ በተመረመረ ጊዜ የተገኘው ነገር ነው። በአፈሩ ውስጥ ተኝቶ ጊዜውን የሚጠብቀው ዘር አብዛኛው የሣርና የአረም ዘር ሆኖ ተገኘ፤ ደኑን ደን ያሰኙት የታላላቆቹ ዛፎች የብዙዎቹ ዘር ግን በአፈር ውስጥ ለረጅም ዘመን ተቀብሮ አይቈይም። ስለዚህ እናት ዛፏ የተቈረጠችና ከሥሯም ችግኝ ያልተገኘ እንደ ሆነ፣ ክረምቱ ምንም ያህል ቢሰምር፣ ምድሪቱ ያንን ዛፍ ከራሷ መልሳ አታወጣም፤ የምታወጣው ሣርና አረም ነው።

ይህን ካወቅሁ ወዲህ ስለ ሰው ነፍስ ያለኝ አሳብ እንደ ቀድሞው አልሆነም። እኛ ስለ እምነታችንና ስለ ምግባራችን በተናገርን ጊዜ «በደማችን ውስጥ አለ፤ ቀን ሲደርስ ይበቅላል» እያልን ራሳችንን እናጽናናለን። ልጁን ጸሎት ያላስተማረ አባት፣ ከነፍስ አባቱ ፊት ከቀረ ብዙ ዘመን ያለፈው ምእመን፣ የአያቱን ጾምና ምጽዋት በትዝታ ብቻ የያዘ ጎልማሳ፣ ሁሉም በዚህ ቃል ይታመናሉ። ደኑ ግን እንዲህ አይልም። ማንም ሳይዘራቸው፣ ማንም ሳያጠጣቸው በልባችን አፈር ተኝተው ጥቂት ጠብታ ሲያገኙ የሚነሡት ቂም፣ ስስትና ፍርሃት ናቸው፤ ትዕግሥት፣ ይቅር ባይነትና ተስፋ ግን በሕይወት ቆሞ ከሚያፈራ ሰው ወደ ሌላው ሕያው ሰው ካልወደቁ በቀር፣ በስም ብቻ ከትውልድ ወደ ትውልድ አይሻገሩም። ባዶነት የተሰማውን ሰው «ወደ ውስጥህ ተመልከት» ብለው የሚመክሩ ብዙዎች ናቸው፤ ምክሩን ፈጽሜ አልነቅፈውም፤ ነገር ግን ውስጡ የተራቈተበት ሰው በዚያ የሚያገኘው ምንድን ነው? ለእንደዚህ ያለው ሰው የሚሻለው ተነሥቶ ሄዶ ከቆመ ዛፍ ሥር መቀመጥ ይመስለኛል።

እኔ ራሴ በከባድ ኀዘን ውስጥ በነበርሁበት ወራት ብርታትን ያገኘሁት ከመጽሐፍ አልነበረም። ዓይናቸው የጠፋ፣ የወለዷቸውንም ልጆች የቀበሩ አንድ አረጋዊ የኔታ፣ በወይራ ጥላ ሥር በመደብ ላይ ተቀምጠው፣ ቆሎ ተማሪዎቻቸውን ከንጋት እስከ ምሽት በቃል ሲያስቀጽሉ፣ አንዱ ሲሳሳት በዝግታ ሲያቀኑት፣ አንዱ ሲበረታ «ተባረክ» ሲሉት እያየሁ ሰነበትሁ። ስለ ኀዘኔ ብዙ አልተናገሩኝም። የተሰበረ ሰው ቆሞ ሊያፈራ እንደሚችል በዓይኔ አየሁ፤ ይህም በቃኝ።

የቅዱስ ያሬድን ነገር በዚህ አላስረዝምም፤ ትምህርት አልገባ ብሎት ከመምህሩ ሸሽቶ ሲሄድ፣ ከዛፍ ሥር ተጠልሎ፣ እየወደቀች እየተነሣች በመጨረሻ ከላይ የደረሰችውን ትል አይቶ መመለሱን ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ታሪኩን ስንተርክ ትሏን አመስግነን ዛፉን እንዘነጋለን። ዛፉ በዚያ ባይቆም ኖሮ፣ ደካማው ያሬድ በምን ይጠለል ነበር፤ ትሏስ በምን ላይ ትወጣ ነበር?

ደግሞም ከእናት ዛፍ ሥር የበቀለ ችግኝ ሁሉ ወዲያው አያድግም። የዝግባ ችግኝ ጥላን ይታገሣል፤ ብርሃን ባነሰበት ስፍራ ለዓመታት ጥቂት ጥቂት እያደገ ይቈያል፤ አንድ ቀን አሮጌው ዛፍ በዕድሜው ብዛት ወድቆ ሰማዩ በተከፈተ ጊዜ ስፍራውን ለመውሰድ የሚነሣው፣ በዚያ ሁሉ ዘመን በጥላ ውስጥ ሥሩን ሲሰድ የነበረው ነው። ጸሎቱ ፍሬ የሌለው የመሰለው፣ ሥራውን ማንም ያላየለት ሰው ይህን ልብ ቢለው፣ የቆየበትን ዘመን እንደ ከንቱ አይቈጥረውም ነበር።

የዚህ ችግኝ ዋና ጠላት ብዙ ጊዜ መጥረቢያ አይደለም፤ ጥላ ፍለጋ የሚገባ ከብት ነው። ክፋት ሳይኖርበት፣ እንዲያው በልማዱ ገብቶ፣ ቡቃያውን ይግጣል፣ አፈሩን ይረግጣል፤ በዚህም ምክንያት ትላልቆቹ ዛፎች በግርማ ቆመው ሳሉ ከሥራቸው ተተኪ የሌለበት ደን ብዙ ነው፤ ከሩቅ ለሚያየው ሙሉ ይመስላል። በጣና ዳር በዘጌ፣ አቡነ በትረ ማርያም ማረሻና ከብት ወደ ምድሩ እንዳይገባ ሥርዐት ሠሩ፣ ለሕዝቡም መተዳደሪያ ቡናን፣ ጌሾንና ሎሚን በበረከት ሰጡ ተብሎ ይተረካል፤ የዘጌም ደን እስከ ዛሬ አለ። በሌላው ስፍራ ደግሞ፣ በእነ ዶክተር ዓለማየሁ ጥረት፣ ገበሬዎች ከማሳቸው የለቀሙትን ድንጋይ አምጥተው ዐጸዱን በካብ አጥረዋል፤ ማሳውም ከድንጋይ ጸዳ፣ ችግኙም ከከብት እግር ዳነ።

ለነፍስም ካብ ያስፈልጋታል። በነሐሴ፣ በጾመ ፍልሰታ፣ ሕዝባችን ከየቤቱ ወጥቶ በዐጸዱ ውስጥ በምትሠራ ትንሽ ጎጆ ሱባኤ ሲገባ፣ በሶና ቆሎ ቀምሶ በጽሞናና በአርምሞ ሲሰነብት፣ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ በራሱ ክፉ ያልሆነውን፣ ነገር ግን በልማድ እየገባ ቡቃያውን የሚግጠውን ወሬ፣ ንግድና ስልክ፣ ለጥቂት ቀን ከቅጽሩ ውጭ ያቆመዋል። ቤተ ክርስቲያናችንም በዚያው ወራት ዕጓለ ቋዓትን፣ ማለት ምግብ ፍለጋ ወደ ፈጣሪያቸው የሚጮኹትን የቍራ ጫጩቶች፣ ደሰያትንም፣ ማለት በውኃ የተከበቡትን ደሴቶች፣ አስባ ትዘምራለች፤ በክረምቱ ጨለማ ይህን ዜማ የሰማ ሰው፣ የተረሳ ፍጥረት እንደሌለ ያምናል።

ዛሬ በብዙ ዐጸድ ዳር፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ እየተተከለ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ቶሎም ይሸጣል፤ ድህነት ያስገደዳቸውን ካህናት ለመንቀፍ አልደፍርም። እናንተ ግን በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን፣ በዱባይም ሆነ በሌላ አገር ተቀምጣችሁ ለተወለዳችሁበት አጥቢያ ገንዘብ የምትልኩ ወንድሞችና እኅቶች፣ ለአዲሱ ሕንፃ፣ ለቆርቆሮውና ለቀለሙ በሰጣችሁ መጠን ለድንጋይ ካቡም፣ ከዐጸዱ እናት ዛፎች ዘር ለቅሞ ችግኝ ለሚያፈላው ሰውም ጥቂት መድቡ። ከመላካችሁም በፊት ለሰበካ ጉባኤው ደውላችሁ፣ ከብት ወደ ዐጸዱ ይገባ እንደ ሆነ፣ ከጽዱና ከዝግባውም ሥር የበቀለ ችግኝ ይታይ እንደ ሆነ ጠይቁ።