የፊዚክስ መምህሩና የተቆረጠው ሞላ

ዛሬ ጥፋቴን ልናዘዝ።

ከታናሽ ወንድሜ ጋር የገዛናት አሮጌ ዲኤክስ አለችን። «ከፍ ብላ ታስጠላለች፣ ዝቅ እናድርጋት» ብሎ ወጥሮ ያዘኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም አምሮኝ ነበር። መካኒኩ ሁለት መንገድ ነገረን፤ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ አጭር ሞላ ከነሾኩ መግዛት፣ ወይም ያለውን በግራይንደር መቁረጥ። «ቲቸር፣ ከፊቱ ሁለት ሁለት ዙር ብንቀንስላት ትበቃለች» አለኝ። የደመወዙን ነገር ታውቁታላችሁ፣ ቁረጠው አልኩት።

እንግዲህ እኔ የሁክን ሕግ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምጽፍ ሰው ነኝ! ሞላ ሲያጥር ይደርቃል። 8 ዙር ከነበረው ላይ 2 ሲቆረጥ ድርቀቱ በሲሶ ይጨምራል። ሾኩ ደግሞ ያው የድሮው ነው፤ መውረጃ ቦታው ስላነሰ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር ጫፉ ላይ ካለው ላስቲክ ጋር ይላተማል። መኪናዋ በክሪክ ስትነሳማ ሞላው መቀመጫው ላይ ይንቀጫቀጫል።

እማዬን ለወገቧ ሕክምና ይዣት ስሄድ፣ ኮብልስቶኑ ላይ ስንገባ የበሩን እጀታ ጨብጣ «ልጄ፣ መንገዱ ነው መኪናው?» አለችኝ። መንገዱ ነው አልኳት። ዋሸኋት።

ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት ለወንድሜ ነገርኩት፤ አኮረፈ፣ ግን እሺ አለ። የተቆረጠ ሞላ ደግሞ ተበይዶ አይመለስም፣ ይሰበራል። ስለዚህ የዲኤክስ የፊት ሞላ ኦሪጅናሉን ጥንድ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የኋላውን ለሚቀጥለው ደመወዝ ብለን አቆይተነው ነበር፣ ተመስገን።