ስም ሳይወጣላቸው የወደድናቸው

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 1997 የፖኬሞን ካርቱን የመጀመሪያው ክፍል በጃፓን ቴሌቪዥን ታየ። መጨረሻው ላይ ዝናቡ አባርቶ፣ ዋናው ልጅና ፒካቹ የተባለው ፍጡሩ ከወፍ መንጋ ጋር ባደረጉት ግብግብ እንደተጎዱ ቀና ሲሉ፣ ወርቅ የለበሰ የሚመስል ትልቅ ወፍ በቀስተ ደመናው ላይ ያልፋል። ልጁ የፍጡራኑን መዝገብ አውጥቶ ቢጠይቅ፣ መዝገቡ ስለዚህ ወፍ አንዳችም መረጃ የለውም። በዚያን ጊዜ ጌም ቦይ በተባለው የእጅ መጫወቻ የሚሰበሰቡት ፖኬሞኖች 151 ነበሩ። ወፉ ከእነዚያ ውስጥ የለም። ሆኦህ የሚባለውን ያንን ወፍ በጌም ውስጥ አግኝቶ ለመያዝ፣ የጃፓን ልጆች "ወርቅ" እና "ብር" የተባሉት ጌሞች እስከወጡበት እስከ ኖቬምበር 1999 ድረስ መጠበቅ ነበረባቸው።

ስለዚያ ዘመን መጻፍ ከፈለግሁ ቆየሁ። ገና ያልወጣ ጌም ውስጥ አሉ የሚባሉ ፍጡራንን ከአንድ ሥዕል፣ ከአንድ ጥላ፣ ከአንድ ወሬ ተነስተን ማንነታቸውን ስንገምት ያደግንበት ጊዜ ነው። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው፣ ከጌሙ ይልቅ ያ ግምት ነበር ዋናው ጨዋታችን።

እኛ ያንን ወፍ ያየነው አሜሪካ ውስጥ፣ በሴፕቴምበር 1998 ነው። ቤታችን ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነበር። እሑድ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ወላጆቻችን አዳራሹ ውስጥ ጸበል ጸዲቅ እየቀመሱ ሲጨዋወቱ፣ እኛ ልጆቹ ከአዳራሹ ውጭ ያለው ደረጃ ላይ እንኮለኮላለን። ጌም ቦይ ያለው ያወጣል፣ የሌለው በትከሻ ላይ ሆኖ ያያል። ሁለቱን ጌም ቦይ የምታገናኘው ገመድ ያለችው ልጅ ደግሞ የዕለቱ ንግሥት ናት። ባትሪ ሲያልቅ ጨዋታው አይቆምም፤ ወሬው ይጀመራል። ያ ወፍ ማነው? ከሦስቱ ታላላቅ ወፎች አንዱ እንዳይሆን፣ አንደኛው በረዶ ነው፣ ሁለተኛው መብረቅ፣ ሦስተኛው እሳት፤ እኛ ያየነው መልኩ ከአንዳቸውም ጋር አይገጥምም። እንግዲያው አራተኛ ወፍ አለ ማለት ነው። አራተኛ ወፍ ካለ፣ 151 የተባለው ቁጥር ሙሉ አይደለም። ቁጥሩ ሙሉ ካልሆነ ደግሞ ሌላ ስንት አለ? አስተማሪ ሳይነግረን፣ የሌለውን ካለው እየቀነስን ማሰብን የተማርነው እዚያ ደረጃ ላይ ነው።

ጃፓን ከእኛ በጣም ቀድማ ነበር የምትኖረው። የመጀመሪያዎቹ ጌሞች እዚያ የወጡት በፌብሩዋሪ 1996 ሲሆን አሜሪካ የደረሱት በሴፕቴምበር 1998 ነው። አውሮፓ ያሉ ልጆች ደግሞ አንድ ዓመት ጨምረው እስከ ኦክቶበር 1999 ጠብቀዋል። ስለዚህ ለእኛ ምስጢር የሆነው ብዙ ነገር እዚያ የታወቀ ነበር፤ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ግን ቁርጥራጩ ነው። መጽሔት ላይ የወጣች አንዲት ትንሽ ሥዕል፣ ካርቱን ውስጥ ብቅ ብሎ የጠፋ አንድ እንስሳ፣ ወይ ደግሞ ዘመድ ከጃፓን ያመጣለት ልጅ አየሁ ያለው ነገር። በገበያ አዳራሽ የመጽሔት መደርደሪያ ሥር ቁጭ ብለን፣ ሳንገዛ፣ እናቶቻችን ከፍለው እስኪጨርሱ ድረስ እያንዳንዱን ሥዕል በዓይናችን እንበላው ነበር።

ከሁሉም የማልረሳው የማሪል ነገር ነው። የመጀመሪያው የፖኬሞን ፊልም ኖቬምበር 1999 አሜሪካ ሲኒማ ቤት ሲገባ፣ ከዋናው ፊልም በፊት የፒካቹን የእረፍት ቀን የሚያሳይ አጭር ፊልም ነበረው። እዚያ ውስጥ አንዲት ክብ ሰማያዊ ፍጡር ትታያለች። ሆዷ ነጭ ነው፣ ጆሮዎቿ ክብ ናቸው። ጭራዋ ደግሞ ቀጭን ጥቁር ሆኖ እንደ መብረቅ ይሰባበርና ጫፉ ላይ ሰማያዊ ኳስ ይንጠለጠላል። ከ151ዱ ውስጥ አልነበረችም። ስሟን የሚያውቅ ስላልነበረ የአሜሪካ ልጆች "ፒካብሉ" አሏት፤ የፒካቹ ሰማያዊ ዘመድ ናት ብለው።

በሚቀጥለው እሑድ ደረጃው ላይ ክርክሩ ጦፈ። የአክስቴ ልጅ ዓይነቷ ኤሌክትሪክ ነው አለ፤ ማስረጃው ጭራዋ ነው፣ እንደ መብረቅ የተሰባበረ ጭራ ያለው ፒካቹ ነው፣ ፒካቹ ደግሞ ኤሌክትሪክ ነው። ገመድ ያላት ልጅ አልተቀበለችም። "ቀለሟን እያችሁ?" አለች፤ በጌሙ ውስጥ ያሉትን ሰማያዊ ፍጡራን በጣቷ እየቆጠረች አብዛኞቹ የውኃ መሆናቸውን አሳየች። የእኔ ሐሳብ ከሁለቱም የተለየ ነበር። ጭራዋ ላይ ያለው ኳስ መብራት ነው፣ ጥልቅ ውኃ ውስጥ ጨለማውን የምታልፍበት ፋኖስ ነው አልኩ፤ ስለዚህ ውኃም ኤሌክትሪክም ናት። ሁለቱ አብረው አይሆኑም ተባልኩ። በ151ዱ ውስጥ ውኃና ኤሌክትሪክን አንድ ላይ የያዘ ፍጡር አልነበረምና ተቃውሞው ጠንካራ ነበር። እኔም አልተረታሁም፤ እስከ ዛሬ የለም ማለት ወደፊት አይኖርም ማለት አይደለም አልኳቸው። እናቶቻችን ሊወስዱን ሲመጡ ገና አልጨረስንም።

ሜው የምትባለው ምስጢራዊ ፍጡር በመኪና ሥር አለች የሚለው ወሬ ደግሞ ሌላው የዘመኑ ትኩሳት ነበር። ጌሙ ውስጥ አንዲት መርከብ ከቆመችበት ወደብ አጠገብ አንድ የጭነት መኪና አለ፤ ምንም ሥራ የለውም፣ ግን እዚያ ቆሟል፣ ወደ እሱ ለመድረስም ብልሃት ይጠይቃል። መኪናውን የሚገፋ ሜውን ያገኛል ተባለ። ስንቱ ልጅ ጨዋታውን ከመጀመሪያው ጀምሮ መኪናውን ሲገፋ ከረመ! መኪናው አልተንቀሳቀሰም። ሆኖም ያንን ወሬ ሞኝነት ነው ብሎ የሚያጣጥል ሰው የሜውን ታሪክ ልብ ያላለ ነው። ሺጌኪ ሞሪሞቶ የተባለው ፕሮግራመር የሥራ መሣሪያዎቹ ከካርትሪጁ ላይ ሲነሱ በተረፈችው 300 ባይት በምታህል ቦታ ሜውን በምስጢር አስገብቷታል። በኋላ ኮሮኮሮ የተባለው የጃፓን የልጆች መጽሔት ሜውን ለ20 ዕድለኞች እንደሚሰጥ ሲያስታውቅ 78,000 ያህል ሰው አመለከተ። ሠሪዎቹ ራሳቸው ማንም የማያውቀውን ፍጡር ደብቀው ነበር። ልጆቹ ደግሞ የተደበቀ ነገር እንዳለ ትክክል ገምተዋል፤ የሳቱት ቦታውን ብቻ ነው።

ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣችው አያቴ ካርቱኑን ስናይ አብራን ትቀመጥ ነበር። መሃል ላይ የአንድ ፍጡር ጥላ ብቻ ይወጣና ማን እንደሆነ ይጠየቃል፤ ከማስታወቂያው በኋላ መልሱ ይታያል። አያቴ ቋንቋውን ባትሰማም ነገሩ ወዲያው ገባት። "ይኼማ እንቆቅልሽ ነው ልጄ፤ ካላወቅሽ አገር መስጠት አለብሽ" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ጥላው በወጣ ቁጥር ካልመለስኩ ጎንደርን ትቀበለኝ ነበር። እውነትም የእኛ ዘመን የፍጡራን ግምት ከእንቆቅልሽ ጋር አንድ ነው። እንቆቅልሽ የሚጣፍጠው በጥያቄውና በመልሱ መካከል ባለችው ጊዜ ነው፤ መልሱን ቀድሞ የሚናገር ልጅ ጨዋታውን ያበላሻል ተብሎ ይወቀሳል።

ያኔ የማናውቀው ትልቅ ነገር ደግሞ አለ። እኛ ስንገምት ሠሪዎቹም ገና አልወሰኑም ነበር። ኒንቴንዶ በኖቬምበር 1997 ጃፓን ውስጥ ባካሄደው ስፔስ ወርልድ በተባለው ትርኢት ላይ "ወርቅ" እና "ብር" ለጎብኚዎች በናሙና መልክ ቀርበው ነበር። የዚያ ናሙና ፋይል በ2018 አደባባይ ሲወጣ እኛ አድገን ሥራ ይዘናል። ከፍቼ ሳየው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ተጫዋቹ ጉዞውን ሲጀምር ከሚመርጣቸው ሦስት ፍጡራን የእሳቱ የድብ ግልገል ነው። የውኃው የባሕር አንበሳ ይመስላል። ከሦስቱ ተርፋ መጨረሻው ጌም ላይ የደረሰችው የቅጠሏ ብቻ ናት፤ ቺኮሪታ ተባለች። የድቡን ቦታ ሲንዳክዊል፣ የውኃውን ደግሞ ቶቶዳይል የተባለ ትንሽ አዞ ወሰዱት። ሌሎችም ብዙዎች ተጥለዋል፣ መልካቸው ተለውጧል፣ አዲስ ተወልደዋል። ከናሙናው እስከ ጌሙ መውጣት ድረስ ባለፉት ሁለት ዓመታት እነዚያ ሰዎች ቶኪዮ ውስጥ ወረቀት ላይ እየሳሉ እየሰረዙ "ይህስ ቢሆን?" ይሉ ነበር። እኛም ደረጃው ላይ ያንኑ እንል ነበር። አንዳችን የሌላውን አናውቅም፤ ሥራችን ግን አንድ ነበር።

ኦክቶበር 2000 ጌሙ አሜሪካ ገባ። መቶ አዳዲስ ፍጡራን ይዞ ቁጥሩን 251 አደረሰው። ቀንና ሌሊትን በራሱ ሰዓት የሚቆጥር፣ እንቁላል የሚፈለፈልበት፣ የጨለማና የብረት የተባሉ ሁለት አዳዲስ ዓይነቶች ያሉበት ጌም ነው። ፒካብሉ ያልናት ማሪል ከፒካቹ ጋር ዝምድና የላትም፤ የውኃ ናት። የጭራዋ ኳስ ከውኃ የቀለለ ዘይት የያዘ ተንሳፋፊ መሆኑን መዝገቡ ላይ አነበብን። ገመድ ያላት ልጅ ረታች፣ እኛም አጨበጨብንላት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን የአክስቴ ልጅ ስልክ ደወለልኝ። በባሕሩ ውስጥ ቺንቾ የምትባል ዓሣ ይዟል፤ ራሷ ላይ ሁለት የሚያበሩ አንቴናዎች አሏት፣ በጥልቅ ውኃ ትኖራለች፣ ዓይነቷም ውኃና ኤሌክትሪክ ነው። የሲልቨር ስፕሪንግ ልጅ በአንዲት ሰማያዊ ጭራ ላይ ተንተርሳ ያሰበችውን፣ አንድ የማያውቀው ሰው ቶኪዮ ውስጥ አስቦት ነበር። ያንን ቀን የተሰማኝን ደስታ ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ጌም አልሰጠኝም።

ይህ ዘመን በአንድ ቀን አልሞተም። የመደርደሪያ ሥር ጓደኛችን የነበረው "ኒንቴንዶ ፓወር" መጽሔት የመጨረሻ እትሙን ያወጣው በዲሴምበር 2012 ነው። በሚቀጥለው ወር፣ ጃንዋሪ 8 ቀን 2013፣ የኒንቴንዶው ኃላፊ ሳቶሩ ኢዋታ በቪዲዮ ቀርቦ "ኤክስ" እና "ዋይ" የተባሉት ጌሞች በዓለም ዙሪያ በአንድ ጊዜ እንደሚወጡ አስታወቀ። በኦክቶበር 12 ቀን ወጡም። ከዚያ በኋላ ቀድሞ የሚያውቅ አገር የለም። የመጨረሻው ታላቅ ግምት ይመስለኛል በዚያው ዓመት የሆነው ሲልቪዮን የተባለችው አዲስ ፍጡር ነገር፤ በፌብሩዋሪ መልኳ ታየ፣ ዓይነቷ ግን ተደበቀ፤ ጁን ላይ ከዚያ በፊት ያልነበረው የተረት ዓይነት ይፋ እስኪሆን ድረስ ዓለም ሁሉ ሲከራከር ሰነበተ። ማሪልም በዚያው ጊዜ የተረት ዓይነት ተጨመረላት፤ ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ እንደገና መከራከሪያ ሰጠችን። በ2019 ግን "ሶርድ" እና "ሺልድ" የተባሉት ጌሞች ገበያ ከመግባታቸው በፊት ከመመሪያ መጽሐፉ በድብቅ የተነሱ ፎቶግራፎች ተሰራጭተው የአዳዲሶቹን ፍጡራን መልክ አስቀድመው አጋለጡ፤ ጉዳዩ እስከ ፍርድ ቤት ደርሷል።

አዲሱ ዘመን የራሱ በጎነት አለው፣ አልክድም። ዛሬ አዲስ አበባ ያለ ልጅ አዲሱን ፍጡር የሚያየው ቶኪዮ ያለው ልጅ ባየበት ደቂቃ ነው። የእኔ ዘመን አዲስ አበባ ያሉት የአጎቶቼ ልጆች ይህ ዕድል አልነበራቸውም። ግን ፍጡሩ ሲመጣ ስሙን፣ ዓይነቱን፣ ቁመቱን፣ ክብደቱን፣ ችሎታውን ተሸክሞ ይመጣል። ለልጁ የሚቀርለት መውደድ ወይም መጥላት ነው። እኛ ሳናውቃቸው ነበር የወደድናቸው፤ ሳናውቃቸው ስለወደድናቸው የሚበሉትን ምግብ፣ የሚኖሩበትን ውኃ፣ የሚፈሩትን ጠላት ሁሉ ራሳችን ሰጠናቸው።

ስለዚህ አሁን የእህቴ ልጅ አዲስ ፍጡር በስልኩ ሊያሳየኝ ሲመጣ፣ ጽሑፉን በእጄ ሸፍኜ ሥዕሉን ብቻ እንዲያየው አደርጋለሁ። የት ይኖራል? ለምን ይመስልሃል? ምልክቱ ምንድን ነው? መጀመሪያ ላይ ይቸኩል ነበር፤ አሁን እሱ ራሱ ጽሑፉን ይሸፍንና እኔን ይጠይቀኛል። ያ የደረጃው ላይ ትምህርት ለእሱም ይገባዋል። አንድ ልጅ በቂ ማስረጃ ሳይኖረው በጥንቃቄ ማሰብን፣ ሐሳቡን በምክንያት መደገፍን፣ የተረታ እንደሆነም ለረታው ማጨብጨብን ከዚህ የበለጠ በደስታ የሚማርበት ቦታ እኔ አላየሁም።