ቀልቤን ፍለጋ መንዝ ወጣሁ

እናንተዬ፣ ቀልብ ጠፍቶባችሁ ያውቃል? የኔ ጠፍቶ ነበር። ያውም ለስምንት ወር!

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ከማረፉ በፊት በነበረው ምሽት ደወለልኝ። እኔ ቢሮ አምሽቼ ኮምፒውተር ላይ ዓይኔን ተክያለሁ። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሀል ወትፌ «እሺ... እሺ አባዬ... እሺ» እያልኩ ሥራዬን ስሠራ ሰባት ደቂቃ አወራኝ። ሰባት ደቂቃ መሆኑን ያወቅሁት ስልኩ መዝግቦት ስላገኘሁ ነው። ምን እንዳለኝ ግን አላውቅም። አንዲት ቃል እንኳ! በማግስቱ ጠዋት መርዶ ተነገረኝ።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኬን ከፍቼ እስኪነጋ የሰው ፎቶ ሳይ አድራለሁ። ጓደኞቼ ቢራ አዘዙልኝ። አንድ ሐኪም ደግሞ «በቀን አሥር ደቂቃ ዓይንህን ጨፍነህ ትንፋሽህን ብቻ ተከታተል» አለኝ። ሞከርኩት። ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ያቺ «እሺ አባዬ» ጆሮዬ ላይ ታቃጭላለች። በሦስተኛው ቀን ተውኩት።

የአባቴ ታላቅ እህት መንዝ ናቸው። ጥቅምት ላይ የአንድ ሳምንት ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። ደብረ ብርሃንን አልፈን፣ ጣርማበር ላይ የደሴውን አስፋልት ለቅቀን ወደ መሐል ሜዳ። ጓሳ ሲደርሱ ከፍታው ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሜዳው ላይ ጭላዳዎች ቁጭ ብለው ሣሩን በጣታቸው እየነጩ ይበላሉ። ቅጠል በቅጠል፣ ሳይቸኩሉ። ምን ልበላችሁ፣ ቀናሁባቸው!

አክስቴ ማታ ማታ ምድጃው ዳር ተቀምጠው የበግ ፀጉር ይፈትላሉ። መንዝ የበግና የባና አገር ነው፤ ሴቱ ይፈትላል፣ ወንዱ ይሸምናል። በሁለተኛው ማታ ስልኬን ሳገላብጥ (ኔትወርክ እንኳ የለም፣ ግን ጣቴ ለምዷል) አዩኝና እንዝርቱን ሰጡኝ።

«እትዬ፣ እኔ የት አውቄ?» አልኳቸው።

«እጅህ ሥራ ይያዝ። ዝም ብለህ ሞክር።»

ክሩ ይወፍራል፣ ይቀጥናል፣ ቀጭ ይላል። አክስቴ ዝም ብለው ይቀጥሉልኛል። ልትጠይቀን የመጣችው ጎረቤት «ደግሞ ወንድ እንዝርት ያዘ!» ብላ በሳቅ ፈረሰች። በኋላ ነገሩ ገባኝ። ክሩ የሚበጠሰው ልክ ሐሳቤ ቢሮ ወይም ያ ስልክ ጋ ሲሄድ ነው። «እጅህ እዚህ ነው፣ ቀልብህ አዲስ አበባ ነው» አሉኝ አክስቴ። ቁጣ የለበትም። ብቻ እንዳዩት ነገሩኝ።

በአራተኛው ማታ ክሩ አንድ ክንድ ያህል ሳይበጠስ ሄደልኝ። ያን ጊዜ ነው የፀጉሩ ሽታ የገባኝ። የአባቴ ባና ሽታ! ልጅ ሳለሁ ከሱ ጋር የምንለብሰው። እዚያው ምድጃ ዳር ስምንት ወር ሙሉ ያላለቀስኩትን አለቀስኩ። አክስቴ «አይዞህ» እንኳ አላሉም። መፍተላቸውን ቀጠሉ። ያን ሌሊት እስኪነጋ ተኛሁ። አባቴ ያለኝ ነገር ትዝ ብሎኝ እንዳይመስላችሁ። አልመጣም፣ አሁንም አልመጣም።

ይህን የምጽፈው አክስቴ ያደረጉልኝን ፈረንጆቹ በገንዘብ ስለሚያስተምሩት ነው። ከቡድሃ መነኮሳት ልማድ ወስዶ ሆስፒታል ያስገባው ጆን ካባት ዚን የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ማሳቹሴትስ ውስጥ ሕመማቸው አልለቅ ላላቸው በሽተኞች ትምህርት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ኪሊንግስወርዝና ጊልበርት የተባሉ ሁለት የሃርቫርድ ተመራማሪዎች 2,250 ሰዎችን በስልክ ድንገት እየጠየቁ ሲያጠኑ፣ ሰው ከነቃበት ጊዜ 47 በመቶ ያህሉን ሐሳቡ ከሚሠራው ነገር ውጭ እንደሚሆንና ያን ጊዜም ደስታው እንደሚቀንስ አገኙ። እኛ ጋ ስሙ የቆየ ነው፤ «ቀልብህን ሰብስብ» ይባላል።

ግን ደስታ ወዲያው ይመጣል የሚሏችሁን አትመኑ። ቀልብ ሲሰበሰብ መጀመሪያ የሚገኘው የሸሻችሁት ነገር ነው። ሐኪሙ ይህን ቢነግረኝ ኖሮ በሦስተኛው ቀን ባልሸሸሁ! ስለዚህ ከባድ ነገር የደረሰባችሁ ልጆች ዓይን ጨፍናችሁ ብቻችሁን አትጀምሩ። ዓይናችሁን ከፍታችሁ በእጃችሁ ጀምሩ። እንዝርት ባይኖር ቡና መቁላት አለ፤ ሽታውን፣ ድምፁን፣ ቀለሙ ሲለወጥ እያያችሁ። ልብስ በእጅ ማጠብም ይሆናል። ሐሳብ ይሄዳል፤ ራሳችሁን ሳትሰድቡ መልሱት። መቶ ጊዜ ቢሄድ መቶ ጊዜ። እንቅልፍ ለሳምንታት ከጠፋ ወይም መኖር ካስጠላችሁ ግን ቡና ቁላ የሚላችሁን ትታችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ለምትቀርቡት ሰውም ንገሩ።

እኔ አሁንም አንዳንድ ሌሊት እነቃለሁ። አክስቴ የሰጡኝ እንዝርት መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ ጓደኞቼ እንዳያዩብኝ እደብቀዋለሁ።

እናቴ ስትደውል ግን ኮምፒውተሩን ዘግቼ፣ መስኮት ዳር ቆሜ ነው የማናግራት። ባለፈው እሑድ ስለ ጎረቤት ዶሮ ስታወራኝ ቆየችና ድንገት አቋረጠች።

«ምነው ዝም አልክ? አለህ?»

«አለሁ እማዬ። እየሰማሁሽ ነው።»