ከላፍቶ ወደ ላንጋኖ ዳርቻ



እኛ የንፋስ ስልክ ላፍቶ ነዋሪዎች ውሃ በአጠገባችን የለም ልንል አንችልም። ትንሹ አቃቂ በመሃላችን ያልፋል። ችግሩ ልጆቻችን ድልድዩን የሚሻገሩት አፍንጫቸውን ይዘው መሆኑ ነው። ታላቋ ልጄ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት፤ በመድረሳ የውዱእን ትምህርት በጀመረችበት ሰሞን ድልድዩ ላይ ቆማ «አባዬ፣ በዚህ ውሃ ውዱእ ይደረጋል?» አለችኝ። ነጃሳ ቀለሙን፣ ጣዕሙን ወይም ሽታውን የለወጠው ውሃ እንደማያጠራ ነገርኳት። «ታዲያ ሰዎች ዳሩ ላይ ቁጭ ብለው የሚያዩት ውሃ የት ነው ያለው?» ስትለኝ ግን መልስ አጣሁ። ሥራዬ ጂኦግራፊ ማስተማር ነው፤ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን ስም በሰሌዳ ላይ ስጽፍ ዓመታት አልፈዋል። የገዛ ልጆቼን ግን ወደ አንዱም ወስጃቸው አላውቅም ነበር።

ምክንያቱን ልደብቅ አልወድም። የሐይቅ ዳርቻ ሲባል በሐሳቤ የሚመጣው የመጠጥ ጠርሙስ፣ የሚጮህ ሙዚቃና የተራቆተ ሰው ነበር። «የእኛ ቦታ አይደለም» ብዬ ዘግቼው ኖሬያለሁ። ብዙ ሙስሊም አባወራ እንደዚሁ ሳያደርግ አይቀርም።

ለከተማችን ቅርቡ ቢሾፍቱ ነው፤ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ለዓይን እጅግ ያማረ ነው፤ ለልጆች ግን አልመረጥኩትም። የቢሾፍቱ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠሩ ጉድጓዶችን የሞሉ ውሃዎች ናቸውና ዳራቸው እንደ ገደል ይወርዳል። ቢሾፍቱ ሐይቅ ራሱ እስከ 87 ሜትር ይጠልቃል። ላንጋኖ ግን የምድር ቅርፊት ተሰንጥቆ ሲሰምጥ የተፈጠረ ሰፊ ሐይቅ በመሆኑ፣ ነፋስ የሚያስነሳው ሞገድ ለዘመናት አሸዋ እየገፋ ዳሩን አልብሶታል። በሌሎች ሐይቆች የሚፈራው ቢልሃርዚያም በላንጋኖ የለም ይባላል። የባሕር በር ለሌላት አገራችን፣ ከአዲስ አበባ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው ይህ አሸዋ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚገኝ «ባሕር ዳርቻ» ነው ማለት ይቻላል።

በሴሚስተሩ እረፍት ሦስት ቤተሰቦች ተዋጥተን አንድ ሚኒባስ ተከራየን። ወሎ ሐይቅ አጠገብ ያደጉት እናቴም አብረውን ነበሩ። ፈጅርን ሰግደን ከለቡ ተነሳን፤ በቃሊቲ፣ በዱከም፣ በቢሾፍቱ አልፈን ከሞጆ ወደ ደቡብ ታጠፍን። በመቂ የመንገዱ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም ብቻ ነው። ዝዋይ፣ ዛሬ ባቱ የምትባለው ከተማ ስንደርስ ዓሣ በላን። ለመንገደኛ ሙስሊም ሁልጊዜ የሚያስጨንቀው የሥጋው ነገር ነው፤ ዓሣ ግን አይታረድምና ቢላዋው የማን እንደሆነ አይጠየቅበትም። ዋጋውም ከአዲስ አበባው ይሻላል።

ከዋናው መንገድ ወደ ግራ ታጥፈን በአንድ መዝናኛ በር ላይ ቆምን። ዘበኛው ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለታዘለው ሕፃን ሳይቀር የመግቢያ ክፍያ ጠየቀን፤ ከቤት የያዝነው ምግብም እንደማይገባ ነገረን። ተከራከርኩት። «ጋሼ፣ እኔ ታዛዥ ነኝ» አለኝ። እውነቱን ነው። ዋና ከተማዋ ኤዲንብራ የሆነችው ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው የመሬት ሕግ ማንኛውም ሰው ጉዳት ሳያደርስ ወደ ሐይቅና ወደ ባሕር ዳር እንዲደርስ ፈቅዳለች። ኤዲንብራ ውስጥ ባለው የፖርቶቤሎ አሸዋ ላይ ድሃም ሀብታምም ያለ ክፍያ ይሄዳል፤ ኖርዝ በርዊክ ለመድረስም የግማሽ ሰዓት ባቡር ይበቃል። በእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። በሩ ላይ ቆሜ ይህን ለዘበኛው ልነግረው ፈልጌ ነበር፤ ባለቤቴ ክንዴን ያዘችኝ።

እሷ አርሲ ነው ያደገችው። ከብት ይዘው ለሚያልፉ አንድ ሽማግሌ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠቻቸው። ሽማግሌው የሻሿንና የእናቴን ነጠላ አይተው «አሰላሙ ዐለይኩም» አሉ። ለካ የአካባቢው ገበሬና ከብት አርቢ አብዛኛው ሙስሊም ኖሯል! ጂኦግራፊ አስተማሪው እኔ ይህን ማወቅ ነበረብኝ። ከብቶቹ ውሃ ወደሚጠጡበት፣ አጥር ወደሌለበት አሸዋ መሩን። ሙዚቃም ጠርሙስም አልነበረም። ከግራር ጥላ ሥር ሰሌን ዘረጋን፤ ባሻገር የአርሲ ተራሮች ይታያሉ።

እናቴ ጫማቸውን አውልቀው ውሃው አፋፍ ላይ ተቀመጡና እጃቸውን ይታጠቡ ጀመር። ልጄ ደንግጣ «አያቴ፣ ቀለሙ ተለውጧል እኮ!» አለች። የላንጋኖ ውሃ በእርግጥ እንደ ሻይ በወተት ያለ ቡናማ ነው። ያቀላው ግን ሳይዘቅጥ የሚንሳፈፍ ደቃቅ አፈር ነው፤ አፈር ደግሞ ውሃን ነጃሳ አያደርገውም። መድረሳ የተማርኩትና ትምህርት ቤት የማስተምረው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲገናኙ ደስ አለኝ። እናቴ ማብራሪያዬን አልጠበቁም፤ ፊታቸውን ታጥበው ጨርሰው ነበር። «የሐይቁ ውሃ ግን ከዚህ ይጠራል» አሉ።

ሆኖም ያው ቡናማነት ሊያጠፋን ነበር። የስድስት ዓመቱ ልጄ በጎማ ከመነዳሪ ላይ ሆኖ ከታናናሾቹ ጋር ይንሳፈፋል፤ እኛ ወላጆች ከዳር ተቀምጠን እያየን ነው። ለአፍታ ወደ ሻይ ፔርሙዙ ዞርኩ። ስመለስ ከመነዳሪው አለ፣ ልጁ የለም። ውሃው ከወገቤ የማይበልጥ ነው፤ ነገር ግን ከጉልበት በታች ምንም አያሳይም። ገብቼ በእጄ እየዳበስኩ ስፈልግ የጎረቤቴ ልጅ በእግሩ ነካውና በሸሚዙ ጎትቶ አወጣው። ሳለ፣ አስመለሰው፣ አለቀሰ። አልሐምዱሊላህ። ከዚያ በኋላ አንድ ትልቅ ሰው ከዳር ሳይሆን ውሃው ውስጥ፣ ከልጆቹ ወዲያ ማዶ ቆሞ እንዲጠብቅ አደረግን። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ በርትቶ ሞገድ ሲነሳ ሁሉንም አወጣናቸው።

ለእህቶች አንድ ነገር ልበል፤ ረጅም ቀሚስ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ እግርም ያስራል። ባለቤቴ በሰፊ ሱሪ ላይ እስከ ጉልበት የሚደርስ ሰፊ ልብስ ለብሳ፣ ሻሿን አጥብቃ አስራ ከሴት ልጃችን ጋር እስከ ወገቧ ገባች። ስትስቅ የሰማኋት በሠርጋችን ሰሞን እንደነበረው ነው።

ዙህርና ዐስርን አሳጥረንና ሰብስበን በአሸዋው ላይ ሰገድን። በሻፊዒይ መዝሀብ የሙሳፊር ርቀት ሰማንያ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለላንጋኖ መንገደኛ ይፈቀዳል፤ ለቢሾፍቱ ግን አይበቃም። ሽማግሌውም ከብቶቻቸውን ትተው ከኋላችን ተሰልፈው ሰገዱ፤ እሳቸው ግን አገራቸው ነውና ከሰላምታው በኋላ ተነስተው አራት ሞሉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከመድረሳ ስንመለስ ልጄ ትንሹ አቃቂ ድልድይ ላይ ቆመች። አፍንጫዋን ይዛ ቁልቁል አየች።

«አባዬ፣ ይሄኛውንም ያጠቆረው አፈር ነው?»

«አይደለም» አልኳት።